ለኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የተጨማሪ ሥራ አማራጮችና ሕጋዊ አሠራራቸው፦ ዲክሲስና የአርሲ ደጋ አካባቢ

በአርሲ ዞን እንደ ዲክሲስ ባለ የስንዴና የገብስ አምራች ወረዳ የአንድ ወፍጮ ቤት ሞተር ሲቃጠል ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይወሰንም። እህል በጋማ ከብት ጭነው የመጡ ገበሬዎች ሳያስፈጩ ይመለሳሉ፤ ሞተሩም ለጥምጥም ወደ ትልቅ ከተማ ተልኮ እስኪመለስ ወፍጮ ቤቱ ይዘጋል። በአንጻሩ በዚያው አካባቢ በትምህርት ቤት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በፋብሪካ ተቀጥረው የሚሠሩ፣ የወር ደመወዛቸውን በሙያቸው ለመደጎም የሚፈልጉ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ምሩቃን ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች አይገናኙም፤ ሲገናኙም ያለ ውል፣ ያለ ፈቃድና ያለ በቂ ጥንቃቄ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ በመደበኛ ሥራ ላይ ያሉ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ከዋና ሥራቸው ጎን ለጎን ሕጋዊ የሆነ ተጨማሪ ሥራ ስለሚያገኙበትና ስለሚያከናውኑበት ሁኔታ መረጃ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ዋና መልእክቱም በአነስተኛ ከተማ ለመሐንዲስ የተሻለው ተጨማሪ ሥራ ጉዳት ከመድረሱ በፊት የመመርመር፣ የማስላትና የማስተካከል አገልግሎት ነው የሚል ነው። ይህ አገልግሎት ከመደበኛ ሥራ ሰዓት ጋር አይጋጭም፤ ብዙ መነሻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በአግባቡ ከተሠራም ሕይወትንና ንብረትን ይታደጋል።

1. የአካባቢው ሁኔታ

የዞኑ ዋና ከተማ አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። አካባቢው ከኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ጋር የቆየ ትስስር አለው። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ኃይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የሚገኘው የመልካ ዋከና ማመንጫ ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁንና የማመንጫ ቅርበት ብቻውን በየወፍጮ ቤቱና በየብየዳ ቤቱ አስተማማኝ አገልግሎት መኖሩን አያረጋግጥም። ከቆጣሪው በኋላ ያለው የደንበኛው መስመር የተሠራበት ጥራትም ወሳኝ ነው።

በግብርናው ዘርፍ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አካባቢውን ከዘመናዊ የእርሻ ግብዓትና መሣሪያ ጋር ያስተዋወቀ መሆኑ ይታወቃል። ዛሬም በአሰላ የብቅል ፋብሪካ፣ የዱቄት ፋብሪካዎች እና የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል ይገኛሉ። በወረዳ ከተሞች ደግሞ ወፍጮ ቤቶች፣ ብየዳ ቤቶች፣ የእንጨት ሥራ ቤቶች፣ የውኃ ፓምፖች፣ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች አሉ። ተጨማሪ ሥራ የሚፈልጉ ባለሙያዎች የገበያ ጥናታቸውን ከእነዚህ ቢጀምሩ ውጤታማ ይሆናሉ።

2. ከአሠሪ ጋር መጣራት ያለባቸው ጉዳዮች

ተጨማሪ ሥራ ዋናውን ሥራ አደጋ ላይ እንዳይጥል ከሁሉ አስቀድሞ ከአሠሪ ጋር ያለው ግንኙነት ግልጽ መሆን አለበት።

በግል ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሠራተኛው ያለ አሠሪው ፈቃድ ንብረትን ከሥራ ቦታ ይዞ እንዳይወጣም ይከለክላል። ስለዚህ የድርጅቱን መለኪያ መሣሪያ፣ ተሽከርካሪ ወይም የተረፈ ገመድ ለግል ሥራ ማዋል ትንሽ ቢመስልም ከሥራ ሊያሰናብት የሚችል ጥፋት ነው። የቅጥር ውሉ ከአሠሪው ጋር የሚወዳደር ሥራ መሥራትን የሚከለክል አንቀጽ ያለው መሆን አለመሆኑም መነበብ ይኖርበታል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ባለሙያዎች በፌዴራል ወይም በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራሉ። ዲክሲስ በኦሮሚያ ክልል የሚገኝ በመሆኑ የወረዳና የዞን ሠራተኞች የሚመለከታቸው የክልሉ ሕግ ነው። ባለሙያው ሊሠራ ያሰበውን የሥራ ዓይነትና ሰዓት ገልጾ ለተቋሙ የሰው ሀብት አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅና ምላሹንም በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የጥቅም ግጭት ነው። አንድ ባለሙያ በቢሮው የሚመረምረውን፣ የሚያጸድቀውን ወይም የኃይል ጥያቄውን የሚያስተናግደውን ደንበኛ ሥራ በግሉ ተቀብሎ ሊሠራ አይገባም። ክፍያው ለሥራው ይሁን ለፊርማው መለየት ስለሚያስቸግር ጉዳዩ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊያስጠይቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ደንበኛውን ግንኙነት ወደሌለው ሌላ ባለሙያ መምራት ትክክለኛው አካሄድ ነው።

3. የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ

የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የትምህርት ማስረጃ እንጂ የሥራ ፈቃድ አይደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራዎችን የሚያከናውኑ ባለሙያዎችና ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት የሚይዙበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ይህን የመቆጣጠር ኃላፊነት ቀድሞ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን የነበረ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ከተቋቋመ ወዲህ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተረክቦታል። የምስክር ወረቀቱ በደረጃ የተከፈለ በመሆኑ ባለሙያው በተሰጠው ደረጃ ከተፈቀደለት የሥራ ወሰን ማለፍ የለበትም።

ሥራውን በቋሚነት ለማከናወን ደግሞ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው መሠረት መመዝገብና ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። በወረዳ ደረጃ አገልግሎቱን የሚሰጠው የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ነው። በግለሰብ ነጋዴነት መመዝገብ ቀላሉ መንገድ ሲሆን፣ የግል ንብረታቸውን ከሥራው ዕዳ ለመለየት የሚፈልጉ ባለሙያዎች በንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የተፈቀደውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ።

ሁሉንም ሥራ በራስ እጅ ማከናወን ግዴታ አይደለም። መሐንዲሱ ስሌቱን፣ ንድፉንና ፍተሻውን ሲሠራ፣ የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ የዝርጋታውን ሥራ ቢይዝ ለሁለቱም ይጠቅማል። በተለይ በሥራ ቀናት ነፃ ጊዜ ለሌላቸው ተቀጣሪዎች ይህ አሠራር ተመራጭ ነው።

4. በአካባቢው ሊሠሩ የሚችሉ ተጨማሪ ሥራዎች

4.1 የወፍጮ ቤትና የዎርክሾፕ ሞተር ጥበቃ

በባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ ለሚከሰት የሞተር ቃጠሎ አንዱ የተለመደ ምክንያት የአንድ ፌዝ መቋረጥ ነው። ሞተሩ በቀሩት ሁለት ፌዞች መሽከርከሩን ሲቀጥል የሚስበው ከረንት ወደ 1.7 እጥፍ ገደማ ሊያድግ ይችላል፤ ጥምጥሙም በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። የፌዝ መቋረጥ መከላከያ ሪሌይ እና በሞተሩ የስም ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ከረንት ልክ የተስተካከለ የጭነት መከላከያ ሪሌይ ማስገባት ይህን አደጋ በአብዛኛው ያስቀራል። ለእነዚህ መከላከያዎች የሚወጣው ወጪ ሞተር ለማስጠምጠምና ሥራ ፈትቶ ለመቀመጥ ከሚወጣው በእጅጉ ያነሰ መሆኑን ለባለቤቱ በስሌት ማሳየት ይቻላል።

ሁለተኛው አገልግሎት የፓወር ፋክተር ማስተካከያ ነው። ለምሳሌ 15 ኪሎ ዋት ጉልበት ያለው የወፍጮ ሞተር በ90 በመቶ ብቃት ሲሠራ ከመስመሩ 16.7 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ፓወር ፋክተሩ 0.75 ቢሆን በ380 ቮልት 34 አምፔር ገደማ ይስባል። ፓወር ፋክተሩ ወደ 0.95 ከፍ ሲል ይኸው ሞተር ከመስመሩ የሚስበው 27 አምፔር ገደማ ይሆናል። በመጋቢ ገመዱ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይልም ወደ 38 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካፓሲተር 9 ኪሎ ቫር ገደማ ነው። ይሁንና ይህ መጠን ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሽከርከር ከሚፈልገው ሊበልጥ ስለሚችል፣ ካፓሲተሩ በቀጥታ ከሞተሩ ጫፍ ጋር ሳይታሰር በራሱ ኮንታክተር እንዲገባና ሞተሩ ሲቆም እንዲወጣ መደረግ አለበት። ይህን ሳያውቁ ማገናኘት ከመስመር በተለየ ሞተር ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊፈጥር ይችላል።

እዚህ ላይ ለደንበኛው እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ከሆነ ካፓሲተሩ የወር ክፍያውን በግማሽ አይቀንስም፤ ጥቅሙ የገመድ ሙቀትንና የቮልቴጅ መውረድን መቀነስ ነው። “ፍጆታ ይቀንሳል” ተብሎ በሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ባለበት፣ መሐንዲሱ ከሌላው የሚለየው የማይሆነውን አይሆንም በማለቱ ነው።

4.2 የነባር ሕንፃዎች ፍተሻ

ብዙ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ለጥቂት አምፖሎች ታስቦ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ዛሬ የእንጀራ ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና የውኃ ማሞቂያ ይጨመርባቸዋል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ ብሬከር መተካት የተለመደ ስህተት ነው፤ ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩ ሲተልቅ ቃጠሎውን የሚከላከል ነገር አይኖርም። የፍተሻ አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ የሽቦውን ውፍረት ከብሬከሩ ጋር ያመሳክራል፤ የመሬት ማያያዣውን ይለካል፤ የሽቦ ሽፋኑን አቅም በ500 ቮልት መለኪያ ይፈትሻል። የተለካው ውጤት ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ መስመሩ መጠገን ይኖርበታል። በሰው ላይ የሚደርስ የኤሌክትሪክ አደጋን ለመቀነስ 30 ሚሊ አምፔር የሆነ የልዩነት መከላከያ ብሬከር እንዲገባ ይመክራል። በመጨረሻም የተለካውን፣ የተገኘውን ጉድለትና የሚመከረውን ማስተካከያ በአንድ ገጽ ጽፎና ፈርሞ ለደንበኛው ይሰጣል።

4.3 የኤሌክትሪክ ንድፍ ዝግጅት

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በምድብ በመክፈል የአብዛኞቹ ንድፍ በተመዘገበ ባለሙያ እንዲዘጋጅ የሚጠይቅ ሥርዓት አስተዋውቋል። በአሰላና በወረዳ ከተሞች አዲስ ሕንፃ የሚሠሩ ባለሀብቶች ከሥነ ሕንፃ ንድፉ ጋር የኤሌክትሪክ ንድፍ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ሥራ የአገሪቱ የሕንፃ ኮድ ክፍል የሆነውን ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚደነግገውን ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 10 ማወቅ፣ አውቶካድ እና ለመብራት ስሌት የሚያገለግለውን ዲያሉክስ መጠቀም መቻል ጠቃሚ ነው። ሥራው በምሽትና በሳምንት መጨረሻ በኮምፒዩተር የሚከናወን በመሆኑ በአዲስ አበባ ከሚገኙ አማካሪ ድርጅቶችም በርቀት ሊገኝ ይችላል።

4.4 የፀሐይ ኃይል ሥርዓት

በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከዋናው መስመር ውጪ ያሉ መፍትሔዎችንም ያካተተ ነው። ከመስመር የራቁ ቀበሌዎች፣ ጤና ኬላዎችና ሱቆች የፀሐይ ኃይል ይጠቀማሉ። የመሐንዲሱ አስተዋጽኦ ትክክለኛ መጠን መወሰን ነው። በአርሲ ደጋ የክረምት ደመና ከባድ ስለሆነ ስሌቱ በዓመቱ አማካይ ላይ ሳይሆን ፀሐይ በሚያንስባቸው ወራት ላይ መመሥረት አለበት። በበጋ የሚበቃ ፓነል በሐምሌ ክትባት የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅን ላያስነሳ ይችላል።

4.5 ሥልጠናና ማስጠናት

በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት በትርፍ ሰዓት ማስተማር፣ ሠልጣኞችን ለብቃት ምዘና ማዘጋጀት እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ማስጠናት ከአደጋ የራቁ አማራጮች ናቸው። በአካባቢው የማስተማር ተሞክሮ ለሌላ ሥራ የሚያስተዋውቅ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

5. የመጀመሪያውን ደንበኛ ማግኘት

በአነስተኛ ከተማ ከማስታወቂያ ይልቅ የሰው ምስክርነት ይሠራል። ባለሙያዎች አንድ ግልጽ አገልግሎት መርጠው፣ ለምሳሌ “የወፍጮ ቤት ሞተር ፍተሻ” ብለው ቢጀምሩ ሁሉን እንሠራለን ከማለት የተሻለ ይታወቃሉ። ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ወፍጮ ቤቶችን ቀርበው በማነጋገር ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ሞተር እንደተቃጠለና ስንት ቀን እንደተዘጉ መጠየቅ ይጠቅማል። የዕቃ መሸጫ መደብሮች፣ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎችና የሕንፃ ሥራ ተቋራጮች ደንበኛ ሊመሩ ስለሚችሉ ከእነርሱ ጋር መተዋወቅ ተገቢ ነው።

የሥራ ወቅትን ማወቅም ያስፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የመኸር መሰብሰቢያና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ወፍጮ ቤቶች ሥራ ስለሚበዛባቸው ለረጅም ፍተሻ አይቆሙም። ዋና ዋና የማስተካከያ ሥራዎች ከዚያ አስቀድመው እንዲጠናቀቁ ማቀድ የባለቤቱን ገቢ ያስጠብቃል።

6. ውልና ዋጋ

ሥራው ትንሽም ቢሆን በሁለት ምስክሮች ፊት በተፈረመ የጽሑፍ ውል ቢደገፍ ይመረጣል። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ደንበኛው በሚገባው ቋንቋ መዘጋጀቱ ኋላ ከሚነሳ ክርክር ያድናል። ውሉ ቢያንስ የሚከተሉትን መያዝ ይኖርበታል፦

- የሚሠራውና የማይሠራው ሥራ ዝርዝር፤
- ዕቃውን የሚገዛው ማን እንደሆነና የዕቃው ዓይነትና ጥራት፤
- የክፍያ መጠንና የሚከፈልበት ጊዜ፤
- የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ቀን፤
- ከርክክብ በኋላ ለሚታይ ጉድለት የሚሰጥ ዋስትና።

ዋጋ ሲወሰን በሥራው ቦታ የሚጠፋው ሰዓት ብቻ መታሰብ የለበትም። የመንገድ ጊዜና ወጪ፣ የስሌትና የሪፖርት ሰዓት፣ የመለኪያ መሣሪያ እርጅና፣ ግብርና ለዋስትና ተመልሶ የመሄጃ ወጪ ይደመራሉ። የፍተሻ ክፍያን ከማስተካከያ ሥራው ክፍያ ለይቶ መጠየቅ፣ ደንበኛው የማያስፈልገውን ዕቃ እንዲገዛ ይገፋፋኛል ከሚል ጥርጣሬ ነፃ ያደርጋል።

7. ግብር

ደመወዝ የመቀጠር ገቢ ሲሆን ግብሩን አሠሪው ቀንሶ ያስገባል፤ ከተጨማሪ ሥራ የሚገኘው ግን የንግድ ሥራ ገቢ በመሆኑ የማሳወቅ ግዴታው የባለሙያው ነው። ሁለቱም የሚተዳደሩት በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ወይም በክልሉ ተመሳሳይ ሕግ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከግለሰብ ነጋዴዎች የሚሰበሰብ ግብር የክልል ገቢ በመሆኑ በዲክሲስ የተመዘገበ ባለሙያ ጉዳዩን የሚያከናውነው በወረዳው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ሰው የሚኖረው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አንድ ብቻ ስለሆነ በሥራ ቅጥር የተሰጠው ቁጥር ለንግድ ሥራውም ያገለግላል። የግዢና የሽያጭ ደረሰኞችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ ይገባል።

8. ደኅንነትና ኃላፊነት

በተጨማሪ ሥራ ላይ የሚደርስ አካላዊ ጉዳት በዋናው አሠሪ ሥራ ላይ የደረሰ ስላልሆነ ከአሠሪው የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ አያስገኝም። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ በድካም ወደ ሁለተኛ ሥራ የሚሄድ ባለሙያ ይህን በልቡ መያዝ አለበት። በመሆኑም የራስን የአደጋ መድን መግዛት ይመከራል፤ ከመስመር ጋር የሚያገናኙ ሥራዎችንም በምሽት አለመሥራት ይበጃል።

ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት አምስት እርምጃዎች በቅደም ተከተል ይፈጸማሉ፦

1ኛ. መስመሩን ሙሉ በሙሉ መለየት፤
2ኛ. ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው መቆለፍና ምልክት መስቀል፤
3ኛ. ኃይል አለመኖሩን በሁሉም ፌዞች ላይ በመለኪያ ማረጋገጥ፤
4ኛ. እንደ መስመሩ ዓይነት ከመሬት ጋር ማያያዝና ፌዞቹን እርስ በርስ ማገናኘት፤
5ኛ. በአቅራቢያ ያሉ ኃይል የያዙ ክፍሎችን መከለል።

ካፓሲተር ያለበት ፓነል ከተቋረጠ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ሳይፈስስ መንካት አይገባም። በወፍጮ ቤት የዱቄት ብናኝ በፓነል ውስጥ ሲጠራቀም ለእሳት መነሻ ስለሚሆን በደንብ የሚዘጋ ሣጥን ያስፈልጋል።

ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር፣ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው ራሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ናቸው። የግል ባለሙያ በደንበኛው ልመናም ቢሆን እነዚህን መንካት፣ ማኅተም መፍታት ወይም የኃይል መጠን መጨመር አይችልም። ደንበኛው ተጨማሪ ኃይል ከፈለገ ባለሙያው የጭነት ስሌቱን አዘጋጅቶ ማመልከቻው በአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ እንዲቀርብ ማገዝ ይችላል፤ ይህም ራሱን የቻለ የሚከፈልበት ሥራ ነው።

9. ማጠቃለያ

ተጨማሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአሠሪ ምላሽ በጽሑፍ መያዙን፣ የብቃት ማረጋገጫውና የንግድ ፈቃዱ መውጣቱን፣ የራስ መለኪያ መሣሪያ መኖሩን፣ የውል ናሙና መዘጋጀቱን እና የግብር መለያ ቁጥሩ ለንግድ ሥራው መመዝገቡን አንድ በአንድ ማረጋገጥ ይገባል። ክፍያዎች፣ ቅጾችና መመሪያዎች ሊሻሻሉ ስለሚችሉ ወቅታዊውን መረጃ ከወረዳው የንግድና የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች እንዲሁም ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ማግኘት ይቻላል።

በዲክሲስ ወይም በሌላ የአርሲ ከተማ አንድ ወፍጮ ቤት መከር ሳይገባ ተፈትሾ፣ ገበሬው እህሉን ይዞ ሲመጣ ሳይመለስ ቢያስፈጭ፣ ባለሙያው የሚያገኘው ክፍያ የተገባ ነው። ዋና ሥራውን ሳይጎዳ፣ ሕግን ሳይተላለፍና ማንንም ለአደጋ ሳያጋልጥ ያገኘው በመሆኑም ለሚቀጥለው ደንበኛ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር እርሱ ይሆናል።